ይድረስ ሙዚቃው ሲጀመር ወሬ ለሚጀምሩት ክቡር ታዳሚ

ጉዳዩ፦ ስለ ግሩም ድምፅዎ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? መጠየቄ ለወጉ ያህል ነው እንጂ፣ ጤናዎ የተሟላ መሆኑን ባለፈው ቅዳሜ ማታ በገዛ ጆሮዬ አረጋግጫለሁ። እንዲያ ያለ ሳንባ የታደለን ሰው ጉንፋንም አይደፍረው።

መቼም የት እንደተገናኘን አያስታውሱም። ዋሽንግተን ውስጥ ነው፤ ጠረጴዛዎቹ ከመጠጋጋታቸው የተነሳ የሰው መጠጥ በስህተት በሚጠጣበት አንድ ትንሽ የጃዝ ቤት። ባንዱ ሲሞቅ ቆይቶ ሙዚቃው እየሳሳ ሄደና ባሲስቱ (ወፍራም ድምፅ ያለውን ባስ የሚጫወተው) ብቻውን ቀረ። ድራመሩ ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አጋደመ። ፒያኒስቷ እጇን ሰብስባ ዐይኗን ጨፈነች። ባሲስቱ ጎንበስ ብሎ ወፍራሟን ክር ሳብ አድርጎ ለቀቃት፤ ድምጿ ወለል ለወለል መጥቶ እግሬ ሥር ሊደርስ ሲል እርስዎ፣ «ሦስት ፐርሰንት! ሪፋይናንስ ያደረግኩት ሦስት ፐርሰንት ላይ ነው!» አሉ። ቤቱ በሙሉ ሰማ። ባሲስቱ ቀና ብሎ አየዎት። እኔም አልዋሽም፣ በቤት ብድርዎ ወለድ ቀናሁ።

ለመሆኑ ያችን ቅጽበት እንዴት አድርገው ነው የሚመርጧት? ሦስት ሳክስፎን በአንድ ላይ ሲጮህ፣ ከበሮው ብርጭቆ ሲያንቀጠቅጥ፣ እርስዎ ትሑት ነዎት፤ ቢያወሩም የሚሰማዎ የለም። ልክ አንዲት ዘፋኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስለ ሞተች እናቷ ማንጎራጎር ስትጀምር ግን የመኪናዎ ትራንስሚሽን ታሪክ ይመጣብዎታል። በ1911 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ እየቆጠርኩ ነው) ኤቲየን ሎምባርድ የተባለ ፈረንሳዊ የጆሮ ሐኪም፣ ሰው በጫጫታ መሀል ሲያወራ ሳያውቀው ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ ጽፎ ነበር። እርስዎ ጮክ ሲሉ ጎረቤት ጠረጴዛም ጮክ ይላል፣ እነሱን ለመብለጥ እርስዎ እንደገና ይጨምራሉ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ቤቱ ገበያ ይሆናል። ሐኪሙ ያልደረሰበት ነገር ቢኖር ሙዚቃው ዝቅ ሲል ዝቅ የማይል ሰው መኖሩን ነው። በሕይወት ቢኖር ኖሮ እርስዎን ያጠና ነበር።

አንዲት ሴትዮ ዞር ብላ «ሽሽሽ» ስትልዎ ያደረጉትንም አይቻለሁ። መጀመሪያ ከኋላዎ ያለውን ሰው እንዳለች ሁሉ ወደ ኋላ ዞሩ። ቀጥለው በሹክሹክታ፣ ያውም ባር ድረስ በሚሰማ ሹክሹክታ፣ «ምን ሆና ነው?» አሉ። ከዚያም የሴትዮዋ ጠባይ ራሱን የቻለ አዲስ ወሬ ሆነና አንድ ሙሉ ዘፈን በላ።

መከራከሪያዎን አውቀዋለሁ፤ «ከፍዬ ነው የገባሁት» ይላሉ። እውነት ነው፣ ከፍለዋል። የመግቢያውን፣ ግዴታ የሆነውን ሁለት መጠጥ፣ ቲፑን ጭምር። እኛም ከፍለናል እኮ። መክፈል ድምፅ የሚያሰጥ ከሆነ እኔም በሚቀጥለው ወር ክራሬን ይዤ መጥቼ አጠገብዎ እቀመጣለሁ። ገና ተማሪ ነኝ፣ በትዕግሥት ይሰሙኛል።

ይሁንና የርስዎን ዘር ማንዘር ሳላነሳ ባልፍ ታሪክ ይወቅሰኛል። ኒው ዮርክ፣ ሰቨንዝ አቬኑ ላይ ደረጃ ተወርዶ የሚገባበት ቪሌጅ ቫንጋርድ የሚባል ምድር ቤት አለ፤ ከ1935 ጀምሮ ያለ ነው። ሰኔ 25 ቀን 1961 ፒያኒስቱ ቢል ኢቫንስ ከባሲስቱ ስኮት ላፋሮና ከድራመሩ ፖል ሞሺያን ጋር እዚያ ሲጫወት ተቀዳ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ላፋሮ በ25 ዓመቱ በመኪና አደጋ ሞተ፤ ሦስቱ አብረው የቀዱት የመጨረሻው ያ ቀን ሆነ። ዛሬም ሰው ያንን ቅጂ መብራት አጥፍቶ ይሰማል፤ ሲሰማም ከፒያኖው ሥር ብርጭቆ ሲንኳኳ፣ ሰው ሲያወራ፣ ሲስቅ ይሰማል። የርስዎ አያቶች ናቸው! ሞት ባሲስቱን ሲወስድ ወሬያቸውን ትቶልናል። ከቅጂው ሽያጭ ድርሻ (ሮያሊቲ) አለመጠየቃቸው ራሱ ትሕትና ነው።

ባሲስቱ ቻርልስ ሚንገስ ደግሞ በአያቶችዎ ተማሮ በቁጣ የታወቀ ሰው ነበር። በ1960 አንድ አልበም ሲቀዳ፣ ስቱዲዮው ውስጥ አንድም ታዳሚ ሳይኖር፣ ክለብ ውስጥ እንዳለ ሆኖ በማይክ ተናገረ፦ እባካችሁ አታጨብጭቡ፣ በረዶ በብርጭቆ አታንቀጭቅጩ፣ የገንዘብ መመዝገቢያውም እንዳይጮህ አለ። ያስቡት እንግዲህ፣ ሰውዬው ባዶ ክፍል ውስጥም እርስዎን ይፈራ ነበር።

ካፌ ሶሳይቲ የሚባለው የኒው ዮርክ ክለብ ግን መላ አግኝቶ ነበር። በ1939 ዘፋኟ ቢሊ ሆሊደይ በደቡብ ስቴቶች ዛፍ ላይ ስለሚሰቀሉ ጥቁሮች የሚናገረውን ዘፈን ስትዘፍን፣ የቤቱ ባለቤት ባርኒ ጆሴፍሰን አስተናጋጆቹን ባሉበት ያስቆማቸዋል፤ መጠጥ አይቀዳም፣ ሒሳብ አይሠራም፤ መብራት ይጠፋና ፊቷ ላይ አንድ ብቻ ይቀራል። ዘፈኑ ሲያልቅ እሱም ይጠፋል፣ እሷም ወደ መድረኩ አትመለስም። በጨለማ ያውም ያለ መጠጥ ስለ ወለድ ማውራት ከባድ ሳይሆን አይቀርም፤ እርስዎ ቢሞክሩት ግን አያቅትዎትም።

ናሽቪል ውስጥ ብሉበርድ ካፌ አለ፤ በ1982 የተከፈተ፣ በሱቆች ረድፍ መሀል የተሸጎጠ፣ ዘጠና ሰው ገደማ የሚይዝ። የዘፈን ደራሲዎች መሀል ወለሉ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጡና ለሌሎች የሰጡትን ዘፈን ራሳቸው በጊታር ይጫወቱታል። ዝነኞቹ ዘፋኞች ጋርዝ ብሩክስም ቴይለር ስዊፍትም በዚያች ጠባብ ቤት አልፈዋል። የቤቱ ደንብ «ሽሽሽ» ነው፤ ቲሸርት ላይ ታትሞ ይሸጣል። ለርስዎ አንድ ልገዛ አስቤ ነበር። ለብሰውት ማውራትዎ ስለማይቀር ተውኩት።

ወሬ ጠላሁ አላልኩም፣ እንዳይቀየሙኝ። አሜሪካ ሰፊ አገር ናት፣ ለርስዎም ቦታ አላት። እዚያው ናሽቪል ብሮድዌይ ላይ ቢወርዱ ከቀን ጀምሮ ባንድ በባንድ ላይ ነው፤ በአንድ ሕንፃ ሦስት ፎቅ ላይ ሦስት ባንድ ይጫወታል፣ ሙዚቀኛው የሚኖረው ከባልዲ በሚወጣ ቲፕ ነው፣ ቢጮሁም ጯሂ አይባሉም። ኒው ኦርሊንስ ከሄዱ ቦርበን ስትሪት ላይ ይቅሩ። ሁለት እርምጃ ገባ ብሎ ያለው ፕሪዘርቬሽን ሆል ግን አደራዎን ይለፍዎት፤ ከ1961 ጀምሮ አግዳሚ ላይና ወለል ላይ ተቀምጠው ሽማግሌዎቹን ለማዳመጥ ብቻ የሚገቡበት ቤት ነው።

ደግሞ የኛ ሰው ቤቶች አሉልዎ። የኛ ምሽትማ ለርስዎ የተፈጠረ ነው! ማስታወቂያው በሩ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ይከፈታል ይላል፣ ዘፋኙ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ መነጽሩን እንዳደረገ ይገባል። በመሀሉ አራት ሰዓት ሙሉ ከማውራት ሌላ ሥራ የለም። ሞርጌጁን ከነኢንሹራንሱ ይጨርሱታል።

አንዳንዴ ግን የዚህን አገር ሙዚቀኛ ሳይ ያሳዝነኛል፤ መድኃኒቱ በእጁ የለም። ጥርሱን ነክሶ ይጫወታል፣ ወይም «አመሰግናለሁ፣ ደግ ናችሁ» ይላል። አዲስ አበባ አዝማሪ ቤት ቢሆኑ ኖሮስ? አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ፣ ፈገግ እንዳለ ጠረጴዛዎ አጠገብ ይመጣና፦

ጌታው ይጫወቱ ድምፅዎ ያማረ፣
የኔስ ማሲንቆዬ በአንድ ክር የቀረ።

ይልና ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። እርስዎም አብረው ይስቃሉ፤ ወጉ ያስገድዳል። ግንባሩ ላይ ብር ለጥፈው ሲያበቁ፣ የተሰደቡበትን በገዛ ገንዘብዎ እንደከፈሉ የሚገባዎት መኪናዎ ውስጥ ነው።

አንድ የመጨረሻ ሰው ላንሳልዎ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ጋሽ ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 አሜሪካ መጥቶ እዚሁ ዋሽንግተን ቀረ። ዓመታት ታክሲ ነዳ። ደለስ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይለማመድ ነበር፤ ተሳፋሪ ሲመጣ ይመልሰዋል። በ2013 የድሮ ካሴቱ እንደገና ታትሞ ዓለም ሲሰማው ወደ መድረክ ተመለሰ። እሱ በሁለት ተሳፋሪ መሀል ያገኛትን ክፍተት ለሙዚቃ ካዋላት፣ እርስዎ በሁለት ዘፈን መሀል ያለችውን ክፍተት ለወሬ ቢያውሏት ምን ይጎድልብዎታል? ሰው ያጨበጭባል፣ ሙዚቀኛው ክሩን ይቃኛል፣ አስተናጋጇ ታልፋለች። ፈጠን ካሉ አንድ ፍቺና ግማሽ የቤት ግዢ ያስገባሉ።

ስለሆነም፣ ባሲስቱ ብቻውን ሲቀር ለሁለት ደቂቃ ያህል አፍዎን በበርገር፣ በቢራ፣ ወይም በፈቀዱት ነገር ሞልተው እንዲተባበሩን በትሕትና እጠይቃለሁ። ቢራው ካለቀብዎ ከኔ ብርጭቆ ይጠጡ፤ ጠረጴዛችን የተጠጋጋ ነው።

ከሰላምታ ጋር፣
ከኋላዎ የተቀመጠው

ግልባጭ፦
ለድምፅ ባለሙያው፦ እርስዎን ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍ ካለ ተፈልጎ እንዲገኝ፤
ለባንዱ ሒሳብ ክፍል፦ ሌሊቱን ሙሉ የሠሩበት ድርሻዎ እንዲታሰብ፤
አጠገብዎ ራሱን ሲነቀንቅ ላመሸው ጓደኛዎ፦ ከመድረኩም ከርስዎም አንድ ቃል ስላልሰማ በጽሑፍ እንዲደርሰው።