በአንድ ሌሊት የሚለሰልስ አንደበት

ዛሬ ማመስገን አምሮኛል። እግር ኳሱ አልሆነልንም፤ ሩጫውም እንደ ድሮው አይደለም እየተባለ ነው። መሪ ሲሞት ግን ማን ይስተካከለናል? ሰኞ ማታ ስናማው ያመሸነውን ሰው ማክሰኞ ጠዋት "አባታችን!" ብለን ደረት እንደቃለታለን። በመሃል ያለው አንድ ሌሊት ነው። እሱንም ተኝተን ነው ያሳለፍነው።

የዚህን ጥበብ ሙሉ ትርዒት ያየሁት ካራ ነው። ከመገናኛ ተሳፍራችሁ፣ ኮተቤን ጨርሳችሁ፣ ረዳቱ "መጨረሻ! መጨረሻ!" ሲል የምትወርዱበት ሰፈር ማለት ነው። ከኛ ወዲያ ለገጣፎ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱም እዚህ ሲደርስ ይደክመዋል። ውሃው በፈረቃ ነው። ወሬው ግን በፈረቃ ሆኖ አያውቅም።

ጊዜው 2004 ክረምት ነው። አቶ መለስ ዜናዊ በሰኔ ወር ሜክሲኮ በተደረገው የቡድን 20 ስብሰባ ላይ ታዩ፤ ከዚያ ጠፉ። ሐምሌ ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ ሲካሄድ እንኳን ወንበራቸው ላይ አልነበሩም። መንግሥት አሟቸው ነበር፣ ተሽሏቸዋል፣ ዕረፍት ላይ ናቸው አለ። የት? ምን አሟቸው? እሱ አይነገርም። ታዲያ መንግሥት አፉን ከዘጋ ካራ ምን ትሁን? ታክሲ ተራው ላይ ከሱሉልታ ርቆ የማያውቅ ረዳት ጠቅላይ ሚኒስትሩ የተኙበትን ፎቅ ይናገራል። ጸጉር አስተካካዩ የደም ምርመራቸውን ውጤት ያውቃል፤ መላጩን አንገትህ ላይ አድርጎ ስለሚነግርህ "ከየት ሰማህ?" ለማለትም አይመችም። አንዷ ጎረቤቴ "ከሞቱ ቆዩ እኮ" ስትል፣ ሌላዋ "ኧረ ተዪ፣ ትናንት ነው በስልክ ያናገሩት" ትላለች። ማንን እንዳናገሩ አልተጠየቀችም።

ይህ ሙያ ዝም ብሎ የመጣ እንዳይመስላችሁ። አጼ ምኒልክ ዓመታት ታመው ከቆዩ በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ሲያርፉ ሞታቸው ከሕዝብ ተደብቆ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ሲደብቅ፣ ሕዝቡ ሲገምት፣ ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ልምምድ አለን። ወሬኛ ነው ብላችሁ የካራን ሰው አትናቁት፤ በመንግሥት የሠለጠነ ነው።

ማክሰኞ ነሐሴ 15 ጠዋት ቴሌቪዥኑ እውነቱን አወጣው። ሰኞ ሌሊት፣ በውጭ አገር በሕክምና ላይ እያሉ፣ ድንገት ባጋጠማቸው ኢንፌክሽን አርፈዋል። የ57 ዓመት ሰው ነበሩ፤ 21 ዓመት መርተውናል። የፍልሰታ ጾም ሊፈታ አንድ ቀን ቀርቶታል። አቡነ ጳውሎስ ካረፉ ገና አምስተኛው ቀን ስለሆነ ለፓትርያርኩ የወጣው ጥቁር ነጠላ አልታጠፈም፤ ለዝግጁነታችን አንዱ ማስረጃ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን ባለሱቅ ልውሰዳችሁ። ያን ዓመት ስኳር ከሱቅ ጠፍቶ ሕዝቡ በሰልፍ ነበር የሚገዛው። ባለሱቃችን ስኳር የጠየቀውን ሁሉ "ሂድና ሰውየውን ጠይቀው!" እያለ ነበር የሚሸኘው። ዘይት ሲጠፋም ሰውየው ነው። መብራት ሲጠፋም ሰውየው ነው። አንድ ቀን ሚዛኑ ተበላሽቶበት እሱንም በሰውየው አሳቧል። ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ዳቦ ልገዛ ስሄድ ዓይኑ ቀልቶ አገኘሁት። "አለቀልን" አለኝ። ስኳሩን መስሎኝ "እሱማ ድሮም የለ" ብዬው በዓይኑ ሊገድለኝ ነበር።

በማግስቱ ድንኳን ተተከለ። የአንድ ለአምስቷ፣ ማለትም ጎረቤቱን አምስት አምስት አድርጎ ያደራጀው የመንግሥት መዋቅር፣ ተጠሪ የስም ዝርዝር ይዛ በር ላይ ቆመች። ሐዘንን በስም ጥሪ መመዝገብ የማን ሐሳብ እንደሆነ ባላውቅም ሊቅ ነው፤ ያልመጣ አላዘነም፣ የመጣ አዝኗል፣ አለቀ። የሰፈራችን ሙሾ አውራጅ ብቻ ሳታስበው እውነቱ አመለጣት፦

ስኳር ጠፋ ብዬ ሳማህ ከርሜ፣
ዛሬ አለቀስኩልህ ከፊት ለፊት ቆሜ።

ሴቶቹ ተቀበሏት። ተጠሪዋም እያለቀሰች ተቀበለች፤ ግጥሙ የገባት በሦስተኛው ቀን ነው ይባላል።

የአስከሬኑ አቀባበል ደግሞ ራሱን የቻለ ምስጋና ይፈልጋል። ቦሌ የገባው በውድቅት ሌሊት ነው። በክረምት፣ በዚያ ሰዓት፣ ከካራ ቦሌ! ምጥ የያዛት ሚስቱን ይዞ አስፋልት ዳር ያደረ ሰው በሞላበት ሰፈር፣ ያን ሌሊት መኪና ሞልቶ ተረፈ። ከዚያ በኋላ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሄዶ መሰናበት መጣ፣ ፎቶ የታተመበት ጥቁር ከነቴራ መጣ፣ ሻማ መጣ። እሑድ ነሐሴ 27 መስቀል አደባባይ ተሸኝተው ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። በበነጋው ካራ ላይ "ራዕይ" የማይል ሰው ጠፋ። ባለ ፑል ቤቱ ሳይቀር የዋጋ ጭማሪውን ራዕዩን ለማስቀጠል እንደሆነ አስረድቶናል።

ከልቡ ያለቀሰ አልነበረም አላልኩም። ነበረ፤ አይቻለሁ። እሱ የስም ዝርዝሩን አልፈረመም፤ ጥግ ይዞ ነው ያለቀሰው። ስለዚህ እስከዛሬ ያላዘነ ተብሎ ነው የሚታወቀው።

ደግሞ ሌላኛው ወገን አለ። እነሱን ሳላመሰግን ብቀር ግፍ ነው። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በሹክሹክታ እንኳን ትንፍሽ ያላለው ጀግና፣ ሰውየው መሞታቸውን በቴሌቪዥን ሦስት ጊዜ ሰምቶ ካረጋገጠ በኋላ፣ ደሙ ፈላ። በሩን ቆለፈ። መጋረጃውን ሳበ። የሬዲዮኑን ድምፅ ጨመረና "ይበላቸው!" አለ። ጎረቤት ሲያንኳኳ ፊቱን ታጥቦ፣ ዓይኑን አሽቶ፣ "ምን ዓይነት ጉድ ነው የወረደብን" እያለ ከፈተለት፤ አብረው ወደ ድንኳኑ ሄዱ፤ ንፍሮውን ከማንም በላይ የበላውም እሱ ነው። ለሞተ ሰው እንዲህ መጀገን ቀላል እንዳይመስላችሁ። በሕይወት ያለ ሰው ቢያንስ መልስ ስለሚሰጥ የልብ ልብ ይሰጣል። ከውጭ የሚደውለው ዘመድማ ሌላ ነው። "እንኳን ደስ ያለህ!" ብሎ ስልኩ እስኪሰነጠቅ ይጮሃል። እዚህ ያለው ወንድሙ ስልኩን ሁለት እጅ ይዞ "አዎ፣ አዎ፣ ዝናቡ ዘንድሮ በጣም ነው" ይላል። ያኛው "ምን ዝናብ? ስለ ሰውየው ነው የማወራህ!" ሲል፣ ይሄኛው "በረዶም አለው" ብሎ ይዘጋል።

በምርጫ 97 ማግስት ልጇን በጥይት ያጣች አንዲት እናት ሰፈራችን ነበረች። ድንኳኑ ጋ አልሄደችም። "ይበላቸው"ም አላለችም። ያን ቀን እንደ ወትሮዋ ጉልት ወጥታ ሽንኩርቷን ስትሸጥ ዋለች። ሁለቱም ወገን አማት። አንዱ "ልቧ ድንጋይ ነው" አለ፤ ሌላው "አሁንም ትፈራለች" አለ። ሽንኩርት ግን ሁለቱም ገዝተዋታል፤ ለለቅሶ ቤቱም ለድግሱም ያስፈልጋል።

እኔ በበኩሌ በጣም የማደንቀው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ከስንት ጣጣ እንደዳንን። አስቡት፣ አንድ ሰው ተነስቶ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ጉባ ላይ የሕዳሴውን ግድብ መሠረት ድንጋይ ያስቀመጡት እኚሁ ሰው ናቸው ቢልና፣ ትንፋሹን ሳይወስድ በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ፣ በእሳቸው ዘመን ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ 193 ሲቪሎች እንደተገደሉ አጣሪ ኮሚሽን ቆጥሯል ቢል፣ ከዚያ ደግሞ መንገዱን፣ ኮንዶሚኒየሙን፣ የኤርትራን ጦርነት፣ የ2001ዱን የፀረ ሽብር ሕግና በሱ የታሰሩ ጋዜጠኞችን፣ በ2002 ምርጫ ከ547 መቀመጫ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ 545ቱን መውሰዳቸውን ቢጨምርበት፣ ካራ ላይ ማን ያዳምጠዋል? ድንኳኑ ውስጥ "ሙት ወቃሽ!" ይባላል። ቁልፍ በተደረገው ቤት ውስጥ "ካድሬ!" ይባላል። ቡና እንኳን የሚያጠጣው አያገኝም። እኛ ግን ብልሆች ነን፤ ግማሹን ለድንኳኑ፣ ግማሹን ለቆለፍነው ቤት አከፋፍለን በሰላም እንኖራለን። በሕይወት እያሉ እንዳንናገር ያስፈራል። ከሞቱ በኋላ እንዳንናገር ነውር ነው። የቀረችው ያቺ አንድ ሌሊት ናት፤ በእሷ ደግሞ እንተኛለን።

"ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም" የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ካራን ሳያውቅ አልቀረም። "ወይ ካልሄደ" የሚለውን በኮሎኔል መንግሥቱ አረጋግጠናል። ግንቦት 13 ቀን 1983 አገር ጥለው ሲወጡ የተረገሙት እርግማን ዚምባብዌ ድረስ ይሰማ ነበር። ዛሬ ጠላ ቤት ገብታችሁ አዳምጡ፤ "እሱ እንኳን ሌባ አልነበረም" የሚል ቢያንስ አንድ ሰው አይጠፋም፤ የቀይ ሽብር ነገር ከተነሳ ደግሞ ብርጭቆውን አንስቶ "እስቲ ቅዱ" ይላል።

ባለሱቃችን ግድግዳ ላይ አንድ ምስማር አለች። ሱቁ የአባቱ ነበር፤ ምስማሯንም የመቱት አባትየው ናቸው። መጀመሪያ ጃንሆይን ሰቀሉባት። ከዚያ ቆራጡን መሪ። ከ2004 ነሐሴ ጀምሮ አቶ መለስ፣ ዙሪያቸውን በጥቁር ሪባን። 2010 መጣና ያው ባለሱቅ "27 ዓመት ሙሉ ጨለማ ውስጥ ኖረን!" ማለት ጀመረ፤ ለመጀመሪያው ሰሞን "26 ነው እኮ" ሊለው የሞከረ ደንበኛ ዱቤ ተከልክሏል። ፎቶው ወረደ። ምስማሯ ግን ባዶዋን አላደረችም። ማን እንደተሰቀለባት አልናገርም፤ እኔም ዱቤ አለብኝ።

የዚህ ሁሉ ሊቀ ሊቃውንት ግን እድራችንን ለረጅም ጊዜ በዳኝነት የመሩ አንድ ጋሼ ናቸው። መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይ በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ሲወሰዱ "ሌባ! ሌባ!" እያለ ከኋላ ከሮጠው ወጣት መካከል ነበሩ። እሳቸው ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፤ ሲነግሩኝ ደረታቸውን ነፍተው ነው። በ1967 ነሐሴ መጨረሻ ሬዲዮኑ ንጉሡ ሞቱ ሲል "በሕመም ነው" የሚለውን እንዳለ ተቀበሉ። በ1984 አጽማቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ ሲወጣ "እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር" አሉ። ጥቅምት 26 ቀን 1993 በሥላሴ በክብር ሲቀበሩ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከካራ ማልደው ሄደው፣ አልቅሰው መጡ። ያለቀሱት የምር ነበር፤ እንባው እስከ ጢማቸው ወርዶ ነበር አሉ።

ባለፈው ቡና ላይ አገኘኋቸውና ድፍረት ሞላኝ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ሁሉንም አይተዋል። ለመሆኑ ከሁሉም ማን ይሻላል?"

ስኒያቸውን አስቀመጡ። ወደ በሩ አዩ፣ ወደ መስኮቱ አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"የሞቱት ሁሉ ጥሩ ነበሩ፣ ልጄ" አሉኝ። "ያሉትን ደግሞ ሲሞቱ ትጠይቀኛለህ።"