ምድቡን የሚወስነው ሜታሉ አይደለም

ስለ ማዕድናት ምደባ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን «ማዕድናት የሚመደቡት በያዙት ሜታል ነው» የሚለው ቢታረም ደስ ይለኛል፤ ተማሪዎች ያነቡታልና። ምድቡን በዋናነት የሚወስነው አሉታዊው አዮን፣ ማለትም ከሜታሉ ጋር የተዋሃደው አሉታዊ ሙል ያለው ክፍል ነው። ብረት ከድኝ ጋር ፓይራይት ሲሆን ምድቡ ሰልፋይድ ነው፤ ከኦክስጅን ጋር ሄማታይት ሲሆን ግን ኦክሳይድ።

የዳሎልን ጨው እንውሰድ። ሃላይት፣ ማለትም ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው፣ ሶዲየም አለው፤ ለማዳበሪያ የሚፈለገው ሲልቫይት ደግሞ ፖታሲየም። ሜታላቸው ቢለያይም የሁለቱም አሉታዊ አዮን ክሎራይድ ስለሆነ ሃላይድ ከሚባለው ምድብ ይገባሉ። ጠባያቸውም ይመሳሰላል፦ ኩብ እየሆኑ ይሰነጠቃሉ፣ በውሃ በቀላሉ ይሟሟሉ። በምላስ ሲቀመሱ ግን ሲልቫይት መረር ይላል! እዚያው አካባቢ የሚገኘው ጂፕሰም ካልሲየም ሰልፌት ነው፤ ስለዚህ ምድቡ ሌላ ነው።

ወርቅ ብቻውን ስለሚገኝ ከንጥረ ነገሮቹ ምድብ ነው፤ እሱን በትክክል ጽፋችሁታል።