ቤት የዋለች ቮልስዋገን

ኮሎራዶ ውስጥ፣ ከዴንቨር ጋር በተያያዘችው አውሮራ ከተማ፣ አንድ ጡረተኛ ጎረቤት አለኝ። ዕድሜው ሰባን አልፏል። አገር ቤት ቢሆን አንቱ የምለው፣ ሲገባ ብድግ የምልለት ሰው ነው፤ እዚያ ግን በስሙ እየጠራሁት አንተ ሆኖ ቀርቷል። ጋራዡ ውስጥ የ1964 እ.ኤ.አ. ቮልስዋገን አለችው፤ ያቺ ጀርባዋ ጎበጥ ያለችው፣ እኛም አገር ሰው ሁሉ የሚያውቃት። በጎረቤትነት በኖርንባቸው ዓመታት መንገድ ላይ ያየኋት አራት ጊዜ ቢሆን ነው። ሥራዋ መሠራት እንጂ መሄድ አይደለም።

ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ያችኑ መኪና አላቸው። ያችኑ ስል በሊብሬው ላይ እንዳለችው ማለቴ ነው። ሊብሬው ሰማያዊ ይላታል፤ እሷ አረንጓዴ ናት። የግራ በሯ ከሌላ ነጭ ቮልስዋገን የተነቀለ ስለሆነ፣ አረንጓዴው ቀለም በተላጠበት ሁሉ ነጩ ብቅ ይላል። ከሁለቱ ጭስ ማውጫዎቿ አንዱን ዝገት በልቶት ወድቋል፤ ቀዳዳውን አጎቴ በላሜራ ደፍነውታል። እሷም ብትሆን ከግቢ የምትወጣው ከስንት አንዴ ነው።

ሁለቱን ሰዎች ማወዳደር የጀመርኩት በኮሮና ዘመን ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ጸደይ እኛም ዘንድ ከቤት አትውጡ ተባለ። ዴንቨር በጸደይም በረዶ የማይለቃት ከተማ ናትና ጋራዡ ሲቀዘቅዝበት፣ ጎረቤቴ መኪናዋን ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ ወደ ወጥ ቤቱ አስገባት። በመስኮቱ ይታየኛል። መጀመሪያ ካርቡራቶሩ፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ፣ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። ቀጥሎ ብሎኖቹ እየተወለወሉ በእርጎ ጣሳዎች ገቡ፤ በየጣሳው ላይ የት ቦታ እንደነበሩ የሚገልጽ ወረቀት ተለጠፈ። አንድ ቀን ደግሞ ሚስቱ በሩን ከፍታ ስትጮህ ሰማሁ፤ ዶሮ በምትጠብስበት ምድጃ ውስጥ ቀለም የተቀባ የሞተር ክዳን ሊያደርቅ አስገብቶ ኖሯል። የሚፈታው ሲያልቅ የፕላስቲክ መኪና መገጣጠም ያዘ። ከእውነተኛዋ ሃያ አራት ጊዜ ያነሰች፣ በመዳፍ ላይ የምትቀመጥ ቮልስዋገን። የቅንድብ መንቀያ በሚያህል መቆንጠጫ እየያዘ፣ በአጉሊ መነጽር እያየ፣ ሦስት ሳምንት ፈጀባት።

በዚያው ሰሞን፣ መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና፣ ዕድሜያቸው ለገፋው ለአጎቴ ሰግቼ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«ምን እሠራለሁ ልጄ፣ ቁጭ ብያለሁ።»

ቁጭ ብያለሁ እያሉኝ ከኋላ ብረት ከብረት ሲጋጭ ይሰማኛል። ወዲያው ሚስታቸው እትዬ ስልኩን ተቀበሏቸው። «የልብስ ሳፋዬን በነጭ ጋዝ አበላሹብኝ! ሸሚዛቸው ራሱ ጋዝ ጋዝ እየሸተተ ነው፣ ንገራቸው እንጂ አንተ!» ለካ እሳቸውም ካርቡራቶር ፈትተው እያጠቡ ነው። በሁለት ክፍለ ዓለም፣ በአንድ ሳምንት፣ ያው ካርቡራቶር ሁለት ትዳር አበጣበጠ።

ልዩነቱ የመጣው በስሙ ላይ ነው። ጎረቤቴን ምን ትሠራለህ ብትሉት «ሆቢ» የሚል አንድ ቃል አለው፣ ያለ ኀፍረት ይናገረዋል። እኛ ያንን ቃል ስንተረጉመው «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» ሆነ። በመጀመሪያ ትርፍ ጊዜ ሊኖርህ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ልታሳልፈው። የሰሜን ሸዋ ሽማግሌ ትርፍ ጊዜ አለኝ ከሚል ቢሞት ይመርጣል። ስለዚህ አጎቴ ሙሉ ቀን ጓርኒሲዮን፣ በሞተር ብረቶች መካከል የሚገባውን ስስ ማሸጊያ፣ ከካርቶን እየቀደዱ ውለው «ቁጭ ብያለሁ» ይላሉ። ቀድሞ እኔም በዚህ ተታልዬ፣ ፈረንጁ የሚጫወት አጎቴ ግን የቸገራቸው አድርጌ አስብ ነበር።

ባለፈው ነሐሴ ሄጄ አየሁት። ነሐሴ ደብረ ብርሃን ላይ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከተማዋ 2,840 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ጉሙ ከቀትር በኋላ መንደሩን ይውጠዋል፣ ዝናቡ ከቆርቆሮው ጋር አይላቀቅም። በዚያ ላይ መንገዱ እንደ ልብ የማይኬድበት፣ ቤንዚንም በወረፋ የሚገኝበት ሰሞን ነበር። ቮልስዋገኗ ከግቢው ጥግ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆማ ባና ለብሳለች። የመንዝ ባና፣ ያ ወፍራሙ የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ። እኔ ሶፋ ላይ በስስ ብርድ ልብስ ስንቀጠቀጥ ያደርኩበትን ሌሊት አስቤ ቅር አለኝ።

ገለጥ አድርገው አስገቡኝ። መቀመጫው ከወትሮው ከፍ ብሏል፤ ስቀመጥበት እንደ በግ አቀፈኝ። «ምን አድርገውበት ነው?» አልኳቸው። የድሮው መሙያ ተፈርፍሮ ሲያልቅ፣ እትዬ ለመፍተል ካዘጋጁት የመንዝ በግ ጸጉር ግማሹን ወስደው ጠቅጥቀውበታል። ጎረቤቴ ለዚሁ መቀመጫ የኮኮናት ቃጫና የፈረስ ጸጉር የተቀላቀለበት መሙያ ከጀርመን አስመጥቷል፤ ፋብሪካው ያደርግበት የነበረው እሱን ነውና። ከሁለቱ በየትኛው ላይ እስከ ጣርማ በር ተራራ ድረስ ብትሄድ ይሻልሃል ብትሉኝ፣ መልሴን ለጎረቤቴ አትንገሩብኝ።

አጎቴ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ኩርሲ ላይ ተቀምጠው ዕቃ ይጠራሉ፣ እኔ አቀብላለሁ። «ካቻቢቴ!» «ፒንሳ!» «ካንዴላዋን!» የጋራዥ አማርኛችን ግማሹ ጣሊያንኛ መሆኑን ያኔ ልብ አልኩት። ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ፍሬቻ። ጣሊያን በአምስት ዓመት ወረራው ጣርማ በርን ፈልፍሎ ዋሻውን ትቶ ሄደ፤ ከዋሻው ጋር የብሎኑንም የክዳኑንም ስም ትቶ ሄደ። ወራሪው ከተባረረ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖት፣ ያባረሩት አርበኛ ልጅ ዛሬም ሞተር ሲፈቱ በቋንቋው ይቆጣሉ።

ከፍታውን በተመለከተ ሁለቱ ሰዎች አንድ ዓይነት ችግር አለባቸው። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ስላለች አየሩ ሳሳ ይላል፤ አየር ሲሳሳ ካርቡራቶሩ ቤንዚን ያበዛል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ጎረቤቴ ቤንዚን የሚያልፍባቸውን ትንንሽ የናስ ቀዳዳዎች በየቁጥራቸው አዝዞ፣ ጠበብ ጠበብ ያለውን እየቀያየረ፣ ውጤቱን በደብተር ይመዘግባል። አጎቴ ከዴንቨር 1,200 ሜትር ከፍ ብለው ነው የሚኖሩት። ደብተር የላቸውም፤ ካቻቢቴውን በብሎኗ ላይ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ይሰማሉ። ሩብ ዙር። ትንሽ መለስ። «እሺ አለች።» ሞተር በየሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል ይባላል፤ ስለዚህ ከ40ዎቹ ፈረሶቿ አሥራ ሁለቱ ያህል ጣርማ በር ላይ ድንኳን ተክለው ይቀራሉ ማለት ነው። ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ስትወርድ ግን ፈረሶቹ ይመለሳሉ። «ሮቢት ላይ መንፈስ ይገባባታል» ይላሉ አጎቴ፤ «ስትወጣ ነው እንጂ የምታስለምነኝ፣ ስትወርድ እኔ ነኝ የምለምናት።» የዚያን ቁልቁለት ጠመዝማዛ በድሮ ፍሬን የወረደ ሰው ልመናው ምን እንደሆነ ይገባዋል። በከባድ ማርሽ ነው የሚወረደው፣ ከንፈር እየተነቃነቀ።

አንድ ነገር ላጫውታቸው ብዬ ስለ ጎረቤቴ የመስተዋት ማጠቢያ ነገርኳቸው። በዚያ ዘመን ቮልስዋገን መስተዋቱ ላይ ውሃ የሚረጨው በተጠባባቂ ጎማው ውስጥ ባለው ነፋስ ግፊት ነበር፤ ከጎማው ወደ ውሃው ዕቃ ቀጭን ቱቦ ይሄዳል። ጎረቤቴ ይህን ወደ ቦታው ለመመለስ አንድ ወር ደክሞ፣ የረጨች ቀን ልጅ እንደተወለደለት ሰው ጠርቶኛል። አጎቴ እስኪያነቡ ሳቁ። «የጎማ ነፋስ ለመስተዋት? እኛ ለጎማው ራሱ አጥተን!» የእሳቸው ማጠቢያ ክዳኑ የተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው፤ በመስኮት እጅን አውጥቶ መርጨት።

ዕቃ ሲጎድል መንገዱ ረጅም ነው። የተሰበረችው ናሙና በፌስታል ተጠቅልላ ለሚኒባስ ረዳት ትሰጣለች፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ትወርዳለች፣ ከሳምንት በኋላ የምትመስላት እህቷ ትመጣለች። እህት እንጂ መንትያ አይደለችም። ያኔ አጎቴ ሞረድ ይዘው መንትያ ያደርጓታል። ጎረቤቴ ጋ ግን ካታሎጉን ገልጦ ከበር እስከ ብሎን ማዘዝ ይቻላል፤ ችግሩ ማግኘት ሳይሆን ትክክለኛውን ዓመት ማግኘት ነው። የ1965ቱን እጀታ በ1964ቷ ላይ ማድረግ ለእሱ ነውር ነው። አጎቴ ይህን ስነግራቸው ግራ ገባቸው። «በሩ ይከፈታል አይደል?» አሉ።

ሕጉም ለሁለቱ በተቃራኒው ነው የሚሠራው። አሜሪካ ከሌላ አገር መኪና ማስገባት ጣጣው ብዙ ነው፤ መኪናው 25 ዓመት ሲሞላው ግን የደኅንነት ደረጃው ጥያቄ ይቀርለታል፣ እንደ ሽማግሌ ይከበራል። እኛ ጋ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድበት አደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ማስገባት ጭራሽ መከልከሉ ተነገረ። ምክንያቱን አልጠላሁትም፤ ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ከእንግዲህ እንዲህ ያለች ቮልስዋገን ከውጭ የምትገባበት በር የለም፤ ያሉት ያሉት ናቸው። አጎቴን በኤሌክትሪክ ይሂዱ እንዴ ብላቸው መልስ አልሰጡም፣ ቀና ብለው አምፖሉን አዩት። ጠፍቶ ነበር።

አንድ ማታ ቆሎ ይዘን ምድጃ ዳር ተቀምጠን ሳለ፣ ለምን አይሸጧትም አልኳቸው። ገቢ አታመጣ፣ ገበያ አትወስድ፣ ዓመታዊ ምርመራና ቦሎ በመጣ ቁጥር ራስ ምታት። ዝም አሉ። እትዬ እንዝርቱን እያሾሩ መለሱልኝ፤ «እሷ ከሌለች ክረምቱን ከእኔ ጋር ሊጨቃጨቁ ነው?» ጎረቤቴም ሚስቱ ይህንኑ ብላው ታውቃለች፤ በምድጃው ጠብ ማግስት፣ እየሳቀ ነግሮኛል። ፈረንጁን ተጫዋች፣ አጎቴን ችግረኛ ያልኩበት ፍርዴ እዚያው ምድጃ ዳር ፈረሰ። ጭራሽ ተገላቢጦሽ ሳይሆን አይቀርም፤ ልጆቹ በዓመት አንዴ የሚጠይቁት ያ ሰውዬ ነው ያለ መኪናው መዋል የማይችለው።

ለካስ ዋናውን አልተናገርኩም። ልመጣ ስል ጎረቤቴ ያችን በሦስት ሳምንት የሠራትን ትንሿን መኪና በጥጥ ጠቅልሎ «ለአጎትህ» ብሎ ሰጥቶኝ ነበር። በመጨረሻው ቀን አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ወደ መብራቱ አስጠግተው፣ እንደ በግ ገዥ ገለባብጠው አዩዋት። ጎማዋን አሽከረከሩ። ኮፈኗን በጥፍራቸው ከፈቱ። በመሪዋ ተደነቁ፣ በመጥረጊያዋ ተደነቁ። ከዚያ ከኋላዋ ሲደርሱ ፊታቸው ጠቆር አለ።

«ይሄ ሰውዬ ጎበዝ ነው፤ ግን እዚህ ጋ ተሳስቷል። ፒንሳውን አቀብለኝ።»

ጋሼ ተው ሳልል፣ አንደኛዋን የምታብረቀርቅ ጭስ ማውጫ ቀጭ አድርገው ነቀሏት። ራቅ አድርገው አዩዋት።

«አሁን መሰለች።»

እኔ ላብ አጠመቀኝ። አውሮራ ተመልሼ ፎቶውን ለጎረቤቴ ሳሳየው ይቅርታዬን አዘጋጅቼ ነበር። ስልኬን ተቀብሎ ፎቶውን በጣቱ አሰፋው፣ ረጅም ጊዜ አየው፣ የትልቋንም ፎቶ አምጣ አለኝ። ሁለቱን አስተያየና እስክሪብቶውን ከጆሮው ላይ አውርዶ ጠየቀኝ፤ «የወደቀው የግራው ነው ወይስ የቀኙ?»