መጀመሪያ የረዳችው መንደሯ ናት

«ተምሮ መንደሩን የረዳ» የሚባል ሰው ታሪክ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ልጁ ይሄዳል፣ ይማራል፣ ብር ይዞ ይመለሳል፣ ትምህርት ቤት ያሠራል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ይጨበጨባል። የካዛኩ የማዕድን መሐንዲስ ካኒሽ ሳትባዬቭ ስም ሲነሳም ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ነው የሚጠብቀው። እኔ ግን ታሪኩን ከጅራቱ ነው የያዝነው ባይ ነኝ።

ካኒሽ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1899 በሰሜን ምሥራቅ ካዛክስታን፣ ባያናውል አካባቢ ነው። ዙሪያው ገላጣ ሜዳ ነው። ባያናውል ደርሰህ ነው ጥድና ሐይቅ የምታየው። ልጁ ከተማ ሄዶ ተማረ፣ የመምህራን ሴሚናሪም ገባ። ይዞ የተመለሰው ግን ቲቢ ነበር። ያኔ የቲቢ መድኃኒት የት አለ? መንደሩ የነበራት ኩሚስ ብቻ ነው።

ኩሚስ የባዝራ ወተት ነው። ስልቻ ውስጥ ይገባል፣ እየተናጠ ይብላላል። ኮምጠጥ ይላል፣ አረፋ አለው፣ ትንሽ ሞቅ ያደርጋል። በዚያን ዘመን ሳንባውን የታመመ ሰው ከሩቅ ከተማ ሳይቀር ኩሚስ ሊጠጣ ወደ ሜዳው ይመጣ ነበር። እኛ ጠበል እንደምንሄደው በሉት። ይፈውሳል ወይ? ሐኪም አይደለሁም። ካኒሽ ግን አገግሞ እዚያው ባያናውል የሕዝብ ዳኛ ሆነ።

በ1921 አንድ እንግዳ ለኩሚሱ ብሎ መጣ። ሚኻይል ኡሶቭ ይባላል፣ በሳይቤሪያዋ ቶምስክ የጂኦሎጂ ፕሮፌሰር ነው። ከወጣቱ ዳኛ ጋር ተዋወቁ። ብዙም ሳይቆይ ዳኛው ቶምስክ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ገብቶ የማዕድን ተማሪ ሆነ። ፕሮፌሰሩን እዚያ ድረስ የጎተተችው እንግዲህ ባዝራ ናት።

ሕመሙ አገረሸበትና ትምህርቱን አቋርጦ ተመለሰ። ሌላው ቢሆን ጣሪያ ጣሪያ እያየ ይተኛ ነበር። እሱ በ1924 በካዛክኛ የአልጀብራ መማሪያ ጽፎ ጨረሰ። ከሁሉ የሚገርመኝ ይሄ ነው። አልጀብራን በራስ ቋንቋ ለመጻፍ መጀመሪያ ቃሉ መገኘት አለበት። «እኩልዮሽ» የሚለውን ቃል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው ሥራው ምን ያህል እንደሆነ ይገባዋል። ለመንደር ልጅ ከዚህ የበለጠ ምን ይደረጋል?

ወደ ቶምስክ ተመልሶ በ1926 ተመረቀ፤ የማዕድን መሐንዲስነት ዲፕሎማ ያገኘ የመጀመሪያው ካዛክ ነው። ከዚያ መካከለኛው ካዛክስታን ወዳለችው ጄዝካዝጋን ወረደ። ስሙ «መዳብ የተቆፈረበት» እንደማለት ነው፣ ስለዚህ መዳቡ ምሥጢር አልነበረም። ጥያቄው «ስንት?» ነበር። የሶቪየት የጂኦሎጂ አለቆች «ጥቂት ነው» አሉ። እሱ «አይ፣ ብዙ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። በጀት ሲቆርጡበት ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ሌላ ማዕድን ልፈልግላችሁ ብሎ ይዋዋላል፣ በዚያው ገንዘብ የመዳብ ቁፋሮውን ያስቀጥላል። የኛ ሰው ቢሆን «ብልጥ ነው» እንለው ነበር። በመጨረሻ ልክ ሆኖ የተገኘው እሱ ነው፤ ጄዝካዝጋን ከዓለም ትላልቅ የመዳብ ቦታዎች አንዷ ሆነች።

እዚህ ላይ ማለፍ የማልፈልገው ነገር አለ። ጄዝካዝጋን አጠገብ ኬንጊር የሚባል የእስረኞች ካምፕ ነበር። በ1954 እስረኞቹ አምፀው 40 ቀን ያህል ካምፑን ይዘው ቆዩ፤ በታንክ ተጨፈለቁ። ካምፑን ያቋቋመው ጂኦሎጂስቱ አይደለም። ግን ስለ መዳቡ እያሞገስን እስረኞቹን መርሳት አያምርም። እሱንም ቢሆን ሥርዓቱ አልማረውም። በ1946 የካዛክስታን ሳይንስ አካዳሚ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት አድርጎ የሾመው መንግሥት በ1951 «ብሔርተኛ ነህ» ብሎ አወረደው። በ1955 ወንበሩን መለሱለት።

ከዚያ በኋላ ካነሳቸው ጉዳዮች አንዱ ውሃ ነው። ኢርቲሽ ወንዝ የትውልድ አካባቢውን ፓቭሎዳርን አቋርጦ ወደ ሳይቤሪያ ይፈሳል። የኢንዱስትሪ ከተማዋ ካራጋንዳና ፋብሪካዎቿ ደግሞ ከወንዙ ርቀው ከፍ ያለ ደረቅ መሬት ላይ ናቸው። ስለዚህ ውሃው ሽቅብ መገፋት ነበረበት። የቦዩ ሥራ በ1962 ተጀመረ፣ ካኒሽ በጥር 1964 ሞተ። ቦዩ 458 ኪሎ ሜትር ነው፣ ውሃውን ደረጃ በደረጃ የሚያወጡ 22 የፓምፕ ጣቢያዎች አሉት። ዛሬ የሚጠራው በሱ ስም ነው።

በስሙ ከተማም አለ፣ ዩኒቨርሲቲም አለ፣ አልማቲ ላይ ሐውልትም አለው። እኔን ቢያማክሩኝ ኖሮ ሐውልቱ ሥር አንድ የኩሚስ ስልቻ አስቀምጥ ነበር።