የእርድ እንክብል ለአንጀት ብግነት፦ ከመድኃኒት ጎን ይታከል?

ደጋፊ፦ አልሰራቲቭ ኮላይተስ (የትልቁ አንጀት የውስጥ ግድግዳ የሚቆጣበትና የሚቆስልበት ሕመም) ያለበት ሰው ከእርድ የሚወጣውን ኩርኩሚን ከታዘዘለት መድኃኒት ጎን ቢወስድ ይጠቅመዋል ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የጃፓን ጥናት ሕመማቸው ጋብ ያለላቸውን 89 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ፣ የተለመደ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ለግማሾቹ በቀን 2 ግራም ኩርኩሚን፣ ለቀሩት መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ እንክብል ለስድስት ወር ሰጥቷቸው ነበር። ኩርኩሚን ወስደው ውጤታቸው ከተመዘነው 43 ሰዎች ያገረሸባቸው 2 ብቻ ሲሆኑ፣ አስመሳዩን ከወሰዱት 39 ግን በ8ቱ ላይ አገርሽቷል።

ተቃዋሚ፦ ጥናቱን አልነቅፍም፤ የሚያሳስበኝ ሕመምተኛው የሚገዛው ሌላ ነገር መሆኑ ነው። በእርድ ዱቄት ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ከክብደቱ በመቶ 3 ገደማ ስለሆነ፣ 2 ግራሙን ከዱቄት ላግኝ የሚል ሰው በየቀኑ ከ60 ግራም በላይ መዋጥ ይኖርበታል። የእንክብሉን ጠርሙስ አዙረው ቢያነቡ ደግሞ በደቃቅ ፊደል ፒፐሪን የሚል ያገኛሉ፤ ይህ የቁንዶ በርበሬ ንጥረ ነገር ኩርኩሚኑ ወደ ደም እንዲዘልቅ ሲያግዝ፣ መድኃኒት የሚያብላሉ ኢንዛይሞችንም ስለሚገታ እንደ ታክሮሊመስ (የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት) ያሉ መድኃኒቶች በደም ውስጥ ከልክ በላይ እንዲከማቹ ሊያደርግ ይችላል። በእነዚህ እንክብሎች የተነሳ ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎችም በአሜሪካና በኢጣሊያ ተመዝግበዋል።

ደጋፊ፦ በፒፐሪኑ እስማማለሁ፤ እንዲያውም ለዚህ ሕመም ከነጭራሹ አያስፈልግም። ኩርኩሚን ወደ ደም አይገባም ተብሎ ይታማል፤ ቁስሉ ግን ያለው በትልቁ አንጀት የውስጥ ግድግዳ ላይ ነው። የኮላይተስ የተለመደ መድኃኒት የሆነው ሜሳላሚንስ ቢሆን በዋናነት የሚሠራው አንጀቱን እየነካ አይደለምን?

ተቃዋሚ፦ ለኮላይተስ ያስኬድ ይሆናል። ክሮንስ የሚባለው ሌላው የአንጀት ብግነት ሕመም ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በፈረንሳይ አንጀታቸው በቀዶ ሕክምና ተቆርጦ አዛታዮፕሪን የተባለውን የሰውነት መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት በጀመሩ 62 ሕመምተኞች ላይ ኩርኩሚን ተሞክሮ ማገርሸቱን አልከለከለም፤ ይባስ ብሎ ከባዱ ማገርሸት ኩርኩሚን በወሰዱት ላይ በዝቶ ታይቷል። የእንክብሉ ሻጭ ደግሞ ሁለቱን ሕመሞች «የአንጀት ችግር» ብሎ በአንድ ላይ ይጠራቸዋል። ኩርኩሚን ብረትን አስሮ እንደሚይዝም አይዘንጉ፤ ደም በሰገራው እየወጣ ለደም ማነስ የተዳረገ ሰው በዚህ ላይ ብረት ማጣት የለበትም።

ደጋፊ፦ እንግዲያው ክሮንስን ከክርክሬ አወጣለሁ። የኮላይተስ ሕመምተኛ ግን ፒፐሪን የሌለበትን መርጦ፣ ለሐኪሙ ተናግሮ፣ የጉበትና የብረት መጠኑን እያስመረመረ ቢወስድ የሚከለክለው ምክንያት አሁንም አልታየኝም።

ተቃዋሚ፦ ለሐኪሙ የሚናገር ከሆነ እኔም አልከለክለውም። ብዙው ሰው ግን «ምን ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ሲባል እርዱን አይጠራም፤ ቅመም ነዋ።