ጎራሽ አንድ፣ አጉራሽ ሀገር

የጨጓራ ቀለበትን የፈለሰፉት ሐኪሞች ስለ ሆድ የማያውቁት ነገር ያለ አይመስልም፤ ስለ ማዕድ ግን ማንንም አልጠየቁም። ሰው የሚበላው ሲርበው፣ የሚያቆመው ሲጠግብ፣ መጠኑንም የሚወስነው ራሱ ነው ከሚል ግምት ተነሥተው፣ ከሲሊኮን የተሠራች ለስላሳ ቀለበት በጨጓራ የላይኛው ክፍል ዙሪያ አጠለቁ። ቀለበቷ ከበላይዋ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ትፈጥራለች፤ ከረጢቷ ቶሎ ስትሞላ ባለቤቷ ቶሎ ይጠግባል፤ የበላውም በጠባቡ በር ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ማጥበቅ ወይም ማላላት ሲያስፈልግ፣ ከሆድ ቆዳ ሥር በተቀበረች ትንሽ መግቢያ በኩል በመርፌ ጨዋማ ውሃ ይጨመራል ወይም ይቀነሳል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2001 እ.ኤ.አ. ይህን ቀለበት ሲፈቅድ የጨጓራውን ባለቤት ደኅንነት መርምሮ ነው። የጨጓራው ባለቤት አክስት ይኖሩት እንደሆነ ግን የጠየቀ የለም።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ቤተሰቡ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው፣ ቀለበቷን ያስገቡት ይህ ሕክምና በአሜሪካ በገነነበት ዘመን ነው። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ለዓመታት ታክሲ ሲነዱ ኖረዋል፤ ክብደታቸው፣ ስኳራቸውና የደም ግፊታቸው አንዱ ሌላውን እየጠራ መጥቶ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጉበታቸው እንዲሟሽሽ ፈሳሽ ብቻ እየጠጡ ሰነበቱ፤ ከዚያም በኋላ ከፈሳሽ ወደ ተፈጨ፣ ከተፈጨ ወደ ለስላሳ፣ ከለስላሳ ወደ ጠጣር ምግብ የሚወስደውን የሳምንታት ጉዞ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እያሉ ከሰው ተሰውረው ፈጸሙት። እስከዚህ ድረስ ሁሉም መልካም ነበር።

መከራው የጀመረው የአመጋገብ ባለሙያዋ፣ ደግ ፊት ያላት ወጣት፣ «በአንድ ጊዜ ምን ያህል ይመገባሉ?» ብላ የጠየቀቻቸው ዕለት ነው። ጋሼ ከልባቸው አሰቡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከአንድ ትሪ ዙሪያ ከአራትና ከአምስት ሰው ጋር ሲበሉ የኖሩ ሰው ድርሻቸው የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አያውቁም፤ የሚያውቁት ትሪው ባዶ መሆኑን ብቻ ነው። ባለሙያዋ ግን አልተቸገረችም፤ የመለኪያ ኩባያ አውጥታ ከዚህ ሩብ፣ ከዚያ ግማሽ እያለች አሳየቻቸው። ጋሼ ኩባያውን ተቀብለው ካገላበጡት በኋላ፣ ከዳር እስከ ዳር ግማሽ ሜትር የሚሆን ክብ ምግብ በምን ዘዴ እዚያ ውስጥ እንደሚገባ፣ ቢገባስ ወጡ የት እንደሚፈስ ጠየቁ። የዚህ ጥያቄ መልስ በክሊኒኩ መመሪያ ውስጥ አልተገኘም።

ከዚያ ደንቦቹ ተነበቡ። ሆዱ ትንሽ ነውና በሌላ ነገር ሳይሞላ ፕሮቲኑ ይቀድማል። ቁራሹ አንሶ፣ ሃያና ሠላሳ ጊዜ ታኝኮ ይዋጣል። እየበሉ መጠጣት የለም፤ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ይታገሣሉ። ጋዝ ያለው መጠጥ ይቀራል። እንደጠገቡ፣ ያኔውኑ፣ እጅ ይነሣል። እነዚህ ደንቦች በየራሳቸው ሲታዩ እንከን አይወጣላቸውም፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አንዲት የሐበሻ እናት ልጇን ስታሳድግ እየቆነጠጠች የከለከለቻቸውን ነውሮች በሙሉ በሐኪም ትእዛዝ የሚያስፈጽሙ ናቸው።

ፕሮቲን ማስቀደም ማለት፣ ዶሮ ወጥ በወጣበት ገበታ፣ እንቁላሉንና ብልቱን አስቀድሞ ማንሣት ማለት ነው። በሥርዓት ያደገ ሰው ግን ከፊቱ ካለው እንጀራ እየቆረሰ በመረቁ እያጠቀሰ ይቆያል፤ ሥጋው የሚነካው በመጨረሻ፣ ያውም ባለቤቷ «ኧረ ሥጋውን ብሉት» ብላ ደጋግማ ከለመነች በኋላ ነው። የጋሼ እጅ ቡራኬው ሳያበቃ ወደ እንቁላሉ ሲገሠግስ ያዩ አንድ አዛውንት፣ ሰው በስደት ብቻውን ሲኖር ምን ያህል እንደሚጎዳ አንሥተው አዘኑ። ማኘኩም ሌላ ጣጣ አመጣ። ጋሼ አንዲቷን ቁራሽ አላምጠው እስኪውጡ ከትሪው ማዶ ያሉት ሰዎች ወሰናቸውን አልፈው ይደርሱባቸዋል፤ ይህስ ባልከፋ፣ ባለሙያዋም የምትሻው ይኸንኑ ነው። ነገር ግን ወጥ የሠራች ሴት እንግዳዋ አንዷን ጉርሻ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጸጥታ፣ ሲያመነዥግ ስታይ የምትደርስበት ድምዳሜ አንድ ብቻ ነው። «ምነው፣ ጨው በዛ?»

ከሁሉ የባሰው ግን ጉርሻ ነው። ቀለበቷ የተሠራችው የሰው እጅ ወደ ራሱ አፍ ብቻ እንደሚሄድ ታስቦ ነውና ይህን ጥቃት የምትመክትበት ብልሃት አልተሰጣትም። ጉርሻ ካነሰ ስድብ ነው፤ ስለዚህ አጉራሹ የሚጠቀልለው በፍቅሩ ልክ እንጂ በጎራሹ አፍ ልክ አይደለም። አንዲት የአክስት ጉርሻ ያችን 30 ሚሊ ሊትር ከረጢት ሞልታ ትተርፋለች። ይህች አንዷ ናት፤ አንድ ደግሞ ያጣላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ በነበረ የቅዱስ ሚካኤል ዝክር ላይ፣ ከጎንደር ለጥየቃ የመጡ አክስት ከጋሼ ጎን ተቀመጡ። ጋሼ ሁለት ማንኪያ የምትሆን ሽሮ በልተው «ጠግቤአለሁ» አሉ። እውነት ነበር፤ ጠግበዋል። ነገር ግን በእኛ ዘንድ «ጠገብሁ» የድርድር መክፈቻ እንጂ ስለ ሆድ የሚሰጥ መረጃ አይደለም። አክስትም ልማዱ በሚያዘው መሠረት «አንተ ልጅ፣ በሞቴ!» ብለው ጥብሱን በእንጀራ መጠቅለል ጀመሩ። «በሞቴ» ከተባለ በኋላ ነገሩ ከምግብነት ወጥቶ የነፍስ ጉዳይ ይሆናል፤ አንድ ቁራሽ ሥጋ እምቢ ያለ ሰው የአክስቱን ሞት የመረጠ ነው። የመጀመሪያዋ ጉርሻ በመከራ ወረደች። ሁለተኛዋ በጠባቡ በር ላይ ቆመች። ዳቦ፣ ሩዝ፣ እንጀራና በደንብ ያልታኘከ ሥጋ ቀለበቷ ላይ ተሰንቅረው እንደሚቀሩ ባለሙያዋ አስጠንቅቃ ነበር፤ አክስት ደግሞ ሁለቱን በአንድ ጠቅልለው አቅርበዋል። የጋሼ ደረት ተጨነቀ፤ ምራቅ አፋቸውን ሞላው፤ ግንባራቸው በላብ ተጠመቀ፤ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠውም ያንን ሁሉ ፍቅር እንደነበረ መለሱት።

ሲወጡ ምርመራው ተጠናቆ ጠበቃቸው። «ዓይን ነው» ተባለ። አንዲቷ ከመስኮት ላይ ጤና አዳም ቀጥፋ አፍንጫቸው ሥር አሸችላቸው፤ ሌላይቱ ሲበሉ በነጠላ አለመጋረዳቸውን ነቀፈች፤ ከዚያም ዓይኑን የጣለባቸው ማን እንደሆነ ለመለየት እንግዶቹ አንድ በአንድ በልብ ተገመገሙ። ጥርጣሬው ያረፈው፣ በዚያ ምሽት ጋሼን ባላጎረሰው ብቸኛ ሰው ላይ ነው።

ጋሼ ሌላውን ሰው ከሐሜት ለማዳን ሲሉ «ኧረ ጨጓራዬ ነው» አሉ። ቤቱ ተነፈሰ። ጨጓራ ማንም የሚያውቀው፣ የማያሳፍር፣ ከሞላ ጎደል የሁላችን በሽታ ነው። ተልባ ተወቅጦ ይጠጣ የሚለው አንድ ወገን፣ አብሽ በባዶ ሆድ ይሻላል የሚለው ሌላ ወገን ሆኖ ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ፤ ጋሼም በዝምታ አዳመጡ። አልዋሹም እኮ። እንዲያውም በዚያ ቤት «ጨጓራዬን» ከሚለው ሕዝብ መካከል የሐኪም ማስረጃ ያላቸው እርሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ኪሎው እየቀነሰ ሲሄድ ደግሞ ሌላ ወሬ ተነሣ። ሐኪሙ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነሱን «እጅግ ጥሩ» ይሉታል፤ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ግን ያው ቁጥር «ምነው እንዲህ ከሳ?» ተብሎ ይነበባል። ስኳሩ ጸንቶበት ነው፣ ባለቤቱ ፊት ነሥታው ነው፣ ታክሲው ከስሮ ነው እየተባለ የክሳቱ ምክንያት ከሳምንት ሳምንት ይታደሳል። አንድ ሰው ጸበል በጠርሙስ ልኮላቸዋል። ጋሼ በምስጋና ተቀብለው ጠጡት፤ ከተላከላቸው ነገር ሁሉ በቀለበቷ ያለ ችግር ያለፈ ይኸው ነበር።

እውነቱን ለምን አይናገሩም ይባል ይሆናል። ለአንድ ሰው፣ ለእኒያው አክስት፣ ተናግረው ነበር። አክስት ጸጥ ብለው ሰሙና «ገንዘብ ከፍለህ ነው የምትራበው?» ብለው ጠየቁ። በዚህ ጥያቄ ላይ መቀለድ ይከብደኛል። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ በራቸው ላይ የወደቀ ሰው ያነሡ ሴት ናቸው፤ እጃቸው ጉርሻ የሚያበዛው ሆድ ስለማያውቁ ሳይሆን ባዶ ሆድ ስለሚያውቁ ነው። ለእርሳቸው የተወፈረ ሰው ከክፉ ቀን የራቀ ሰው ነው፤ የሲሊኮን ቀለበትም ክፉ ቀንን በፈቃድ ወደ ሆድ ማስገባት ነው። ጋሼ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ቢያስረዱም፣ አክስት ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ «እሺ ይሁን፤ በል እንግዲያው ለስለስ ያለውን ጉረስ» ብለው ክትፎውን ጠቀለሉ።

በእርግጥ ጾም ጥሩ መጠለያ ሆኖላቸዋል። ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴም በሙሉ፣ «ጾመኛ ነኝ» የሚል ሰው ቢያንስ በሥጋ አይገደድም፤ በዚያ ዘመን ጋሼ ቀድሞ የማይታወቅባቸውን መንፈሳዊነት አሳይተዋል። የጠበል ጸዲቅ ዕለት ግን ይህም አይሠራም፤ የቀረበው ከቅዱሱ ስለሆነ እምቢ ማለት ከአክስት አልፎ ከመልአክ ጋር ያጣላል።

በመጨረሻ ቤተሰቡ ተሰብስቦ መፍትሔ አገኘ። ጠጣሩ ካልወረደ ፈሳሹ ይውረድ ተባለና አጥሚት ይመጣላቸው ጀመር፤ አንዷ በማር፣ አንዷ በቅቤ፣ ሌላይቱ በሁለቱም። አጥሚት አራስን ለማጠንከርና ለማወፈር ለዘመናት ተፈትኖ የተመሰከረለት መጠጥ መሆኑን ማንም አላስታወሰም። ገንፎም በቅቤ ተጥለቅልቆ ሲመጣ ጠባቡን በር እየሳቀ አለፈው። ቀለበቷ ጠጣሩን ታስቆማለች እንጂ ካሎሪ መቁጠር አታውቅም፤ እንጀራን ታስጨንቃለች፣ አይስ ክሬምን ግን እንደ አማች በክብር ታሳልፋለች። ሁለት ስኳር ያላት ማኪያቶም ስታልፍ አንድም ቀን ጥያቄ አልቀረበላትም። ወሬኞቹም ጋሼ ፊታቸው መመለሱን አይተው እግዚአብሔርን አመሰገኑ።

አሁን አሁን ቀለበቷ ራሷ ዘመኗ አልፏል። ሐኪሞች ጨጓራውን ቆርጦ ማሳነስን መርጠዋል፤ ብዙ ሰውም በሳምንት አንዴ በሚወጋው መርፌ የመብላት ፍላጎቱን መቀነስ ይዟል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ እኔ በበኩሌ የምጠብቀው የማጉረስ ፍላጎትን የሚቀንስ መርፌ ነው። ጋሼ ግን ያቺኑ የጥንቷን ይዘው፣ የእኅታቸውን ልጅ ሊድሩ ወደ አዲስ አበባ ሲነሡ ሐኪማቸው ጋ ሄዱ። ከሐኪማቸው ርቀው ሳለ ምግብ ቢሰነቀርባቸው የሚያላላላቸው ላይገኝ ይችላልና ውሃው ተቀንሶ ቀለበቷ ላላች። በዚያ ሦስት ሳምንት ሰርግ፣ መልስ፣ ቅልቅልና የአንድ ጎረቤት ለቅሶ ተከታተለ፤ በየቤቱም «አሜሪካ አክስቶ ላከብን» የሚል ወገን በሁለት እጁ ጠብቋቸዋል።

ሲመለሱ ሚዛን ላይ ወጡ። ባለሙያዋ በየቀኑ የበሉትን ሁሉ እንዲመዘግቡ ሰጥታቸው የነበረውን ደብተር ተቀብላ ገለጠች። በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ተሞልቷል፤ ጠዋት አንድ እንቁላል፣ ቀን ሦስት ማንኪያ ሽሮ፣ ማታ ጥቂት ክትፎ፣ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ እንዲሁ። ሚዛኑንና ደብተሩን እያፈራረቀች ካየች በኋላ፣ በትሕትና፣ ሳይጻፍ የቀረ ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«የበላሁት አንድም ሳይቀር ተጽፏል» አሉ ጋሼ፤ «ያጎረሱኝን የምጽፍበት ቦታ ግን አጣሁለት።»