ፍሬሽ ሆይ፣ "ገና ነህ፣ ዘና በል" ሲሉህ አትስማ

ዩኒቨርሲቲ ጥሪ ሲያደርግ የሚያወጣትን ማስታወቂያ ሁላችንም እናውቃታለን፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ፣ ከ9 እስከ 12 ትራንስክሪፕት፣ ጉርድ ፎቶ ምናምን። ፍሬሹ፣ ማለትም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪው፣ ይሄን ሁሉ ሸክፎ ደሴ ወዳለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ይመጣና ገና ሻንጣውን ሳይፈታ ነባሮቹ ሲኒየሮች "አብሽር፣ መጀመሪያ ግቢውን ልመድ፣ ጥናቱ ይደርሳል" ይሉታል። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን ብዙ ልጅ የሚጎዳው በዚች ምክር ነው ብዬ አምናለሁ።

ለምን መሰላችሁ፣ ከ2012 ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርስ ነው፣ ሎጂኩ፣ ሳይኮሎጂው፣ ጂኦግራፊው፣ ማትሱ፣ እና ዲፓርትመንት ሲደለደል የዚህ ጊዜ ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ይቆጠራል። ስለዚህ ልጁ የዶርሙን ጫጫታ ሳይለምድ፣ የትኛው ህንፃ የት እንደሆነ በቅጡ ሳያውቅ የሚፈተናት ሚድ፣ የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና፣ የወደፊት ሙያው ላይ ድርሻ አላት። መልመጃ ተብሎ የተተወ ሴሚስተር የለም በቃ።

በሌላ በኩል ደግሞ ውጤቱ ሲያንስ "ሰነፍ ነው፣ ሲለቁት ባለገ" የሚሉ ወላጆችና መምህራን አሉ፣ ይሄም ያናድደኛል። ፍሬሽን የሚጥለው ብዙ ጊዜ የትምህርቱ ክብደት ብቻ አይደለም፣ የኑሮው ጥቃቅን ነገር ነው። ብርዱን እንኳን ውሰዱት፣ ደሴ ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ጦሳ ተራራ ስር የተቀመጠች ከተማ ናት፣ ከአፋር ወይ ከጋምቤላ የመጣ ልጅ በአንዲት ስስ ብርድ ልብስ ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ አድሮ የጠዋቱን ክላስ እንዴት ብሎ ነው የሚከታተለው? የዩኒቨርሲቲው ሌላ ግቢ፣ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ፣ የደረሰው በዚህ በኩል ተገላግሏል፣ የሐረጎን ዳገት ወርዶ ሙቀት ነው። ደሴ የቀረኸው ግን ቅድሚያ ገበያ ወጥተህ ወፍራም ሳልባጅ ጃኬት ግዛ፣ እውነቴን ነው፣ ከሃንድአውት በፊት።

ከብርዱ የባሰው ግን ጊዜ ነው። 12 ዓመት ሙሉ እናቱ ቀስቅሳ፣ ቁርስ አቅርባ፣ ልብሱን አጥባ "ደብተርህን ያዝክ ወይ" ስትለው የኖረ ልጅ በአንድ ቀን ውስጥ ሁሉንም ራሱ ይሁን ይባላል፣ ካፌ ሰዓቱ ካለፈ ምግብ የለም፣ ውሃ በመጣችበት ሰዓት ካላጠብክ ልብስ የለም፣ ዶርም ውስጥ አንዱ ፊልም ያያል አንዱ ስልክ ያወራል አንዱ መብራት አጥፉ ይላል፣ እና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኝቶ ጠዋት 2 ሰዓት ክላስ መግባት የለመደ ሰው ሳይታወቀው ወሩ ያልቃል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የእንቅልፍ ሰዓትና የማጠቢያ ቀን ቁረጥ፣ ለጥናት ዶርምን እርሳው፣ ላይብረሪ ወንበር ያዝ።

ብሩም እንደዛው ነው። ከቤት የተላከችው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፒያሳ ምሳ ስትበላባት፣ ላውንጅ ማኪያቶ ስትጠጣባት ታልቃለች። የካፌው ምግብም ቢሆን ነፃ እንዳይመስልህ፣ ኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት ውል) ላይ የምትፈርመው እኮ ነገ ተመርቀህ ሥራ ስትይዝ የሚቆረጥብህ ዕዳ ነው።

አማርኛ የማይቀናቸው ልጆች ደግሞ ሸክማቸው እጥፍ ነው፣ እነሱን ነው በተለይ የማስበው። ከሶማሌ ወይ ከኦሮሚያ የመጣች ልጅ የዶርም ተቆጣጣሪዋን፣ ፕሮክተሯን፣ ለማናገር እንኳ ጓደኛ ትጠብቃለች። የደሴ ሰው እንግዳ ያውቃል፣ ሸዋ በርም ሆነ አራዳ ባለሱቁ ታግሶ ያስረዳታል፣ ጎረቤት ለቡና ይጠራታል። ግን የከተማው ሰው ደግነት የግቢውን ሥራ አይተካም። ግቢው የገለፃ ቀን ብሎ ሁሉንም አዳራሽ ሰብስቦ ማይክ ላይ ከሚያወራ ለየዶርሙ አንድ ቋንቋቸውን የሚችል ሲኒየር ቢመድብ፣ ያ ሲኒየር ቢያንስ እስከ መጀመሪያው ሚድ ድረስ በየሳምንቱ እየሄደ "ክላስ እየገባችሁ ነው? በልታችኋል? የታመመ አለ?" ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ልጅ ይተርፋል። ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ለሲኒየሩም ሰርተፍኬት ይሰጠው፣ ነገ ሥራ ሲፈልግ ይጠቅመዋል።